የደርሶ መልስ ሒሳብ

በመብራት ክፍያው ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣
ካልጋሪ ከታች፣ ኤድመንተን ከላይ፣
ሬድ ዲር መሐል ላይ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ፤
መንበሩ ያሰምራል በታኘከ እስክሪብቶ ጫፍ።

«ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ቀጥ ያለ እንደ ክር፣
ነጂው ቢተኛ እንኳ የማያሳስት ምድር!»
እኔ ግን አውቃለሁ፣ የካቲት ነውና፣
በረዶ ሲቀባው መንገድ የለው ቀና።

የምንሄድበት ጉዳይ አንድ ወንበር ነው፤
ፀጉር አስተካካዩ ኦሌክሳ ሃምሳ ዓመት የሠራበት፣ ከጎኑ የቆመው።
ብረቱ ነጭ ቅብ፣ ቆዳው ወይን ጠጅ፣
ሲረግጡት የሚነሣ፣ ሲለቁት የሚወርድ፣ እንደ ዱሮ ወዳጅ።
«ሱቄን ልዘጋ ነው፤ ጉልበቴም አርጅቷል፤
ወንበሩ ላንተ ይሁን» አለኝ በስልክ፣ «ዋጋ ምን ያደርጋል?
ግን ቅዳሜ ውሰድ፤ እሑድ አልገኝም፤
ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የለም።»

እና ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ብቻ ነው።
ቫኑ የባሕሩ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ ሰው ነው፣
ያዋሰውን ዕቃ በደቂቃ የሚቆጥር፦
«ማታ ዕቃ አደርስበታለሁ፤ አሥር ሰዓት ማለት አሥር።»

ስለዚህ ሒሳቡ፦
ከንጋቱ አሥራ ሁለት ከደጅ እንነሣለን፤
የቫኑ ሰዓት ስድስት ይላል፣ እኛ አሥራ ሁለት እንላለን፤
ተጣልተን አናውቅም፤ በስድስት ሰዓት ተለያይተን
እኩል እንደርሳለን።
አንድ ተኩል ሬድ ዲር፦ ነዳጅ፣ ሽንት ቤት፣ ሻይ።
«ሻዩ ይቅር» ይላል። «አይቀርም» እላለሁ።
ሩብ ሰዓት ተከራከርን በሩብ ሰዓት ሻይ።
ሦስት ተኩል ኤድመንተን። አራት ላይ ኦሌክሳ ይመጣል።
ለመጫን ሠላሳ ደቂቃ።
ለመሰናበትስ?
መንበሩ ጻፈ፦ «አምስት።»
«ሃምሳ ዓመት ከቆመበት ሲለይ ሰውዬው፣ በአምስት?»
ሰረዘ። አሥር አለ። ሰረዘ። ባዶ ተወው።
ዝም አልኩት። ባዶው ልክ ነው።

ገመድ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ የባትሪ ሽቦ፤
የወንበሩ ክብደት ሰው ከነልጁ ተደርቦ።
ትርንጎ ሰሐን እያጠበች ሰማችን፤
ጀርባዋን እንደ ሰጠች ሸኘችን፦
«መንበሩን ይዘህ ሂድ፣ ወንበሩን ይዘህ ና፤
ሁለቱን ካልያዘ፣ ቫኑ ጠባብ ነውና፣
የሚያወራውን እዚያው ተወው።»
ሳቅን። ውሃውን ዘጋች።
«በሩስ?» አለች።
«የቱ በር?»
«የሱቅህ በር።»

እኩለ ሌሊት ነበር።
ካፖርት በፒጃማ ደርበን፣ ሦስት መብራት ተሻግረን ሄድን፤
ሜትሩ በብርድ ደርቆ አልተዘረጋ አለን፤
መንበሩ በትንፋሹ አሞቀው።
ወንበሩ፣ ኦሌክሳ እንደ ነገረኝ፣ ሰማንያ ሦስት።
በራችን ሰባ ስምንት።
ደግመን ለካን። በሩ ያው ነው።
ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ አስበን፣
ነዳጁን፣ በረዶውን፣ ሽንቱን ሳይቀር ተምነን፣
ወንበሩ በነጻ ሆኖ
አምስት ሳንቲም ጎደለን።

«ስንመለስ እንነቅለዋለና» አልኩ።
«በየትኛው ሰዓት? ባሕሩ አሥር ብሏል።»
«ከዚያ ላይ ቀንስ» ብዬ ባዶዋን ቦታ ልጠቁም ጣቴን አነሣሁ፤
መለስኩት።
መንበሩም አይቶ እንዳላየ ሆነ።
የመንገድ መብራቱ ሥር ደረሰኙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣
ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ፣ በጠባቧ ኅዳግ፣ ጻፈ፦
«አሥራ አንድ። በር መንቀል፣ ከነመቃኑ።»

ቤት ስንገባ ትርንጎ አልተኛችም።
«በር የሌለው ሱቅ፣ በዚህ ብርድ፣ ቀኑን ሙሉ ማን ይጠብቃል?» አልናት።
ካልሲዋን ደርባ እየሳበች፣
«እኔ ነኛ» አለች፣
«መቀመጫ ካላችሁ።»